ክብደቷን ተሸክማ ትናገር

ዋበሪ ሳቢያን መጣ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
ሞተሩ ጠፍቶም ከጣቱ ላይ ገና ሳይወርድ ፍርሃት።

«አቦ፣ በደወሌ መንገድ፣ ሽንሌን አልፌ፣ ሰባ ላይ፣
ከድልድዩ መጋጠሚያ ‘ጓ’ አለች፤ ከዚያ ወዲያ አያሳይ!
መሪው ከእጄ ሊነጠቅ፣
መስታወቱ ሊረግፍ፣ በሩ ሊወልቅ፤
ያዝኩት ስል እሱ ያዘኝ፣
እንደ ዱቄት ነፋኝ።
ጎኔ ያለው ሸሃዳ ያዘ፤ እኔ ፍሬን፣ ቀስ እያልኩ፤
አርባ ስትገባ ተወችን። ወርጄ ጎማዎቿን ቆጠርኩ።»

አምና ነው ከፍ ያስደረጋት፣ አራት ጣት በብረት ትራስ፣
ደቻቱ ወርዶ አሸዋው ሲተኛ ሆዷ መሬት እንዳይደርስ።
ቁመት ሰጧት።
ቁመቷን የሚሸከሙትን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚራ ያለው ጎማ ቤት «ባላንስ ነው» ብሎ እርሳስ ለጠፈ፤
መጋላ ያለው «ጎማው ነው» ብሎ አራት አዲስ አሰለፈ፤
ሌላው የመሪ ሾክ ቀየረ፣ ወፍራም፣ ቢጫ የተቀባ፣
ሁለት ሳምንት ዝም አሰኛት፣ እንደ ከረሜላ ያባበላት ሕፃን።
ሁሉም መሪውን ያማል። መሪ ማማት ምን ይከብዳል?
የተናወጠ ነገር ሁሉ ጥፋቱ ከላይ ይመስላል።

ጋሽ ሲራክ ሰማው። ጨረስክ? አለ። ጨረሰ።
ክሪኩን ልገፋ ስል እጄን መለሰ።
«አታንሳት። የተንጠለጠለ ሁሉ ጤነኛ ነው።
ክብደቷን ተሸክማ ትናገር፤ ሕመሟ ያኔ ነው።»

ዋበሪን፦ «ላይ ውጣ። መሪውን ግራ ቀኝ፣
ሩብ ዙር ብቻ፣ ልጅ እንደምታስተኛ።»
እኔን፦ «ግባ ከሥር። ዓይንህን ጨፍን።
መጋጠሚያ መጋጠሚያውን ዳስስ።
አብረው የማይሄዱ ሁለት ብረቶች ካሉ ጣትህ ይነግርሃል።»

ጀርባዬ ሥር ካርቶን፣ ፊቴ ላይ የአይሻ አቧራ፣
ከላዬ የጋለ ሆዷ፣ የዘይት ላብ የሚያንጠባጥብ።
የግራ ቴስቲና፦ ደህና፣ አብራ ትሄዳለች።
የቀኙም።
የመሪ ሳጥኑ ቡሎኖች፦ እንደ መንጋጋ።
የክንዶቿ ቦኮላ፦ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ይዟል።
ቀረች ያች አግድም ባር፣ ከሻንሲ እስከ አክስል የተዘረጋች፣
የፊት እግሯ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ዘብ የቆመች።
ጣቴን ራሷ ላይ አሳረፍኩ።
ሩብ ዙር።
ቲክ።
«ድገም!»
ቲክ።
የሩዝ ፍሬ ታህል። መሪው ሄደ፤ ባሯ ዘገየች፤ ከዚያ ተከተለች፣
ስሙን ተጠርቶ ‘አቤት’ ለማለት እንደሚቆይ ሰው።

ፈታነው። ቡሎኑ ክብ ነው።
ቀዳዳው ግን እንቁላል ሆኗል።

እኛ ጋ ዳዶ ያሰረ ሰው የራሱን ነጥብ ያደርግበታል፤
ጋሽ ሲራክ ነጭ፣ እኔ ቀይ፣ ከእህቴ የጥፍር ቀለም።
ዳዶውን በጨርቅ ጠረግሁት።
ከቅባቱ ሥር ቀይ ወጣ።

አምና። ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ እግሮቿ አየር ላይ፣
ባሯ አልደርስ ብላኝ በፌሮ ጎትቼ ያስገባሁ፣
የምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ለእጄ እስኪበቃው ብቻ ያጠበቅሁ።
ዓመት ሙሉ፣ በየጉድጓዱ፣ ያ ትንሽ ላላታ ብረቱን ሲልስ።

«መሪው ነው?» አለ ዋበሪ ጎንበስ ብሎ።
«አይደለም» አልኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«እኔ ነኝ።»

ቀዳዳውን በብየዳ ደፍነን በልኩ በሳነው፣
ባሯን ለአዲሱ ቁመቷ አስረዘምናት፤
ዳዶውን መሬት ላይ እንደቆመች አጠበቅሁት፣
ጋሽ ሲራክ ቁልፉ ላይ እጁን ደርቦ።

አመሻሽ ላይ ከዋበሪ ጎን ተቀመጥኩ። ሽንሌን አለፍን።
ስልሳ። ሰባ። ድልድዩ መጣ።
‘ጓ’ አለች፤
አለቀ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ቀጠለ፣ ግራር፣ ግመል፣ የመብራት እንጨት።
አሁን የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነበር፣ ጉልበቴ ላይ።

ስንመለስ «ሒሳብ?» አለ ዋበሪ ኪሱን እየዳሰሰ።
ጋሽ ሲራክ ክንዱን በናፍጣ እየታጠበ
በአገጩ ወደኔ አመለከተው፦
«እሱን ጠይቀው።»